አልጋ ሥር የሚያድሩት አርማቸሮች

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ሰማያዊ ቀለም የተቀባች አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለች። አለበል የሚሠራው እዚያ ነው። የተቃጠለ የውኃ ፓምፕ፣ የወፍጮ ሞተር፣ የፀጉር ቤት ጄኔሬተር፣ ምኑ ቅጡ፣ ጥቅሉን ፈትቶ እንደገና ይጠቀልላል። ይሄ ግን እንጀራው ነው እንጂ ኩራቱ አይደለም። ኩራቱ አርማቸር ነው። አርማቸር ማለት ጄኔሬተር ውስጥ የሚሽከረከረው፣ መዳብ ሽቦ የተጠቀለለበት ብረት ነው፤ እሱ ሲዞር ነው መብራቱ የሚመጣው። አለበል ከአሮጌ የመኪና ዲናሞና ከወዳደቀ ሞተር ብረት እየለቀመ፣ ለየወንዙ በልኩ ይሠራዋል።

በልኩ ስላችሁ ለወሬ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ። የገጠር ወንዝ እንደ ነዳጅ ሞተር አይጣደፍም። ቀስ ብሎ ለሚዞር ነገር ቀጭን ሽቦ በብዙ ዙር መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ሽቦው ሲቀጥን ደግሞ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ ከዚህም ከዚያም ሳይበዛ መሐሉን ማግኘት ነው ሙያው። ገበሬ ሲመጣ አለበል መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "እስቲ ውኃው መዘውሩን እንዴት እንደሚያዞረው በእጅዎ ያሳዩኝ።" ሰውየው ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልስና ክንዱን አየር ላይ ያሽከረክራል። በወንዙ የማይኮራ ገበሬ የት ይገኛል? ሁሉም ከውኃው አስበልጦ ነው የሚያሽከረክረው! አለበልም "እሺ አያ" ብሎ በትሕትና ይሸኘውና፣ ካየው አንዱንም ሳያምን፣ በማግስቱ ወንዙ ድረስ ወርዶ በዓይኑ ያረጋግጣል።

አለማመኑ ለሙያው ጠቀመው። ለኑሮው ግን፣ ኧረ ተዉኝ!

ሙያውን የተማረው በወጣትነቱ ባሕር ዳር፣ አንድ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ተማረ ከተባለ። የሚያሠራው ሰውዬ ዙር መቁጠር ሲጀምር ጀርባውን ይሰጠው ነበር። አለበል በመስኮቱ መስታወት ውስጥ የሰውየውን እጅ እያየ፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እየተከተለ፣ ቀስ በቀስ ለቃቀመው። እንግዲህ ሙያውን በስርቆት ያገኘ ሰው፣ ዓለም ሁሉ ሊሰርቀው የተነሣ ቢመስለው ምን ይገርማል? የራሱን ቤት ሲከፍት መቀመጫውን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዙር የሚቆጥረው በሆዱ ነው። ደንበኛ እየቆጠረ ሳለ ከገባ፣ ሥራውን በጨርቅ ሸፍኖ "ምን ልርዳዎ?" ይላል።

ከዚያ ጨርቅ ወዲያ የገባ አንድ ሰው ቢኖር አንዷለም ነው። አንዷለም በፈረስ ቤት በኩል ካለ ደብር የመጣ፣ ዲያቆን የነበረ ሰው ነው። ኑሮ አላስቀምጠው ብሎ ከአለበል ዘንድ ገባና እዚያው ሰው ሆነ፣ ትዳር ያዘ፣ ወለደ። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣው አለበል ነው። አበ ልጅ ናቸው እንግዲህ፤ በእኛ አገር ደግሞ አበ ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ነገሩ የጀመረው መብራት እየጠፋ አገሩን ባስቸገረበት ጊዜ ነው። የትንንሽ ጄኔሬተር ነገር እንደ ዳቦ ተፈለገ፤ አለበልም ቀና ብሎ መተንፈሻ አጣ። አንድ ቀን ከጅጋ በኩል አንድ ገበሬ የተቃጠለ አርማቸር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። የአለበል ሥራ ነው። ከእጁ ወጥቶ የተቃጠለ የመጀመሪያው።

"አያ አለበል፣ እውነቱን ልንገርዎ" አለ ገበሬው እያፈረ። "ለአንድ ቤት ነበር ያሉኝ። ጎረቤት መጥቶ ሽቦ ልቀጥል ሲለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ኋላ መንደሩ በሙላ ቀጠለበት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሰውየው ራሱ አምኗል፣ ምን ቀረ? አለበል ግን ገበሬውን ከሸኘ በኋላ የተቃጠለውን ጥቅል በማጉያ መነጽር ሲያገላብጥ ዋለ። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ተፍቆ አገኘ። የራሱ ጉጠት የፋቀው ይሆናል፤ ደግሞም ነው። እሱ ግን ወደ አንዷለም ዞሮ፣ "ታከለ ሰው ሳይልክብኝ አልቀረም" አለ።

ታከለ ቡሬ ውስጥ እንዲሁ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ነው። ከአለበል ጋር ክፉ ደግ ተነጋግረው አያውቁም። ጥፋቱ ጥሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማስጻፉ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አለበል ያለቀ አርማቸር ሱቁ ውስጥ ማሳደር ተወ። ቁልፉን አላመነውም። አመሻሹ ላይ በላስቲክ ጥቅልል አድርጎ፣ በገመድ ቀፍድዶ፣ ቤቱ ወስዶ አልጋው ሥር ያስቀምጠዋል። ሚስቱ ያምሮት ወለሉን ስትጠርግ እሱን እየገፋች መጥረግ ሆነ ሥራዋ። ያምሮት ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ፣ አፏ ቁጥብ፣ ልቧ ግን ባሏ ላይ የቀረ ሴት ናት።

ሁለተኛው አርማቸር ሲቃጠል አለበል እራት አልበላም አለ። ይኼኛውም ምክንያት ነበረው፤ መብራት ስለሌለ ሽቦውን ከእርጥበት የሚጠብቀው ቫርኒሽ በምድጃ አልደረቀም፣ በፀሐይ ብቻ ነው የደረቀው፤ ባለቤቱ ደግሞ ሲያዘንብ ውጭ ትቶት ነበር። አለበል ይህን ሁሉ እየሰማ አልሰማም። ትሪውን ገፋ አድርጎ፣ "ያምሮት፣ እጄ ተይዟል" አላት። "የሆነ ነገር አስደርገውብኛል። ወድጄ አይደለም እኮ የምጠረጥር።"

ያምሮት ደረቷን ያዘች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጀሪካን ይዛ ጠበል ወረደች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ካላመናችሁኝ እናንተው ፍረዱ። አለበል ራሱ ተሸክሞ ወስዶ የሚገጥመው አርማቸር ውሎ ሳያድር ይቃጠላል። አንዷለም ወስዶ የሚገጥመው እንደ ሰዓት ይሠራል። አንድ እጅ የሠራው፣ አንድ አልጋ ሥር ያደረ! አለበል ይህን አውጥቶ አውርዶ ምን ላይ ቢደርስ ጥሩ ነው? "የእሱ ስም እንዲነሣ፣ የእኔ ስም እንዲወድቅ እያደረገ ነው" ላይ ደረሰ። አንዷለም ሲስቅ ለምን ሳቀ ይላል፤ ዝም ሲል ምን እያሰበ ነው ይላል። ስልኩ ሲጠራ ጆሮውን ይጥላል።

አንድ ጠዋት አንዷለም ከአለበል ቤት አንድ አርማቸር ተረክቦ ወደ ማንኩሳ በኩል ሊገጥም ወጣ። አለበል ባጃጅ ይዞ ከኋላው ተከተለው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕር ዛፉ ዘንድ ወረደና በእግሩ ተጠጋ። አንዷለም መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ላስቲኩን ፈትቶታል። አርማቸሩን ፀሐይ ላይ እያገላበጠ፣ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል፣ እፍ እፍ ይለዋል።

"ምን እየሠራህ ነው?"

አንዷለም ክው አለ። "ትንሽ ፀሐይ ቢያገኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"ፀሐይ? ስጥ ነው እንዴ?" አለ አለበል። "እኔ የቀፈደድኩትን ማን ፍታ አለህ? ዙሩን እየቆጠርክ ነው አይደል? ለታከለ ነው አይደል?"

አንዷለም አፉን ከፈተ። አለበልን አየው፣ አየው፣ ከዚያ አፉን መልሶ ዘጋ። "አይደለም" ብቻ አለ።

"እንግዲያው ምንድን ነው? ተናገራ!"

አንዷለም ላስቲኩን ከመሬት አነሣ።

"ቁልፉን አምጣ።"

አንዷለም የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። አርማቸሩንም መልሶ በላስቲክ ጠቅልሎ አስረከበ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ለእስከዛሬው። እትዬ ያምሮትን ሰላም ይበሉልኝ" ብሎ ሄደ።

ያምሮት ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አበ ልጅህን? አለቤ፣ አበ ልጅህን?" አለችው።

"የማያውቀኝማ በምን ይጎዳኛል!" ብሎ ጮኸ። ወር ባልሞላ ጊዜ አንዷለም ቡሬ ታከለ ዘንድ ተቀጥሮ እየሠራ መሆኑ ተሰማ። አለበል ሌባ በእጁ የያዘ ያህል ደስ አለው። ደስታ ከተባለ። "አላልኩሽም? አላልኩሽም?" እያለ ቤት ውስጥ ተንጎራደደ።

ግን እኮ ሌባው ከሄደ ስርቆቱም መቆም ነበረበት። አልቆመም። እንዲያውም ባሰ። አሁን የሚቃጠለው ሁሉም ሆነ። ገበሬዎች ከረጢታቸውን ተሸክመው ከሰማያዊዋ ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት እያለፉ የቡሬ ሚኒባስ ላይ ሲሳፈሩ አለበል በበሩ ስንጥቅ ያያቸዋል። አንዳንዱ ዓይን ለዓይን እንዳይገጥመው አንገቱን ያዞራል። የሠራው ነገር ሁሉ እንደ እርጥብ ክብሪት ሆኖበት፣ ስሙ ከነነፍሱ እየወጣ እንደሆነ ተሰማው።

በዚህ መሐል የንስሐ አባቱ አባ ሃይለ ሚካኤል መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የሚሠራበት ጄኔሬተር ተቃጥሏል፤ ንግሡ ደግሞ ደርሷል።

"አባ፣ እኔን ይተዉኝ፤ ቡሬ ይውሰዱት" አላቸው።

"ቡሬን ማን ጠየቀህ? አንተን ነው የጠየቅሁ።"

አለበል ሠራ። እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ይኼኛው ከተቃጠለ ቤቱን ዘግቶ፣ ጉጠቱን ሸጦ፣ ዳግመኛ ሽቦ እንደማይነካ ለራሱ ማለ። ለያምሮትም ነገራት። "ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አላት። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባው። በማግስቱ ሥራ ቆይቶ መጥቶ፣ ለማንም ሳይሰጥ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው።

አባ ሃይለ ሚካኤል አጠገቡ ቆመው ላስቲኩን ሲፈታ፣ ከላስቲኩ ውስጥ የውኃ ጠብታ ዱብ አለ።

"ምነው፣ አላበው እንዴ?" አሉ አባ።

እስከዛሬ ላዩን ብቻ እያየ ነበር የሚገጥመው፤ አሁን ግን አለበል ጣቱን በሽቦው መሐል ሰደደ። ርሷል። እስከ ውስጡ ርሷል። "ዛሬ አይገጠምም አባ፣ ይፍቱኝ" ብሎ ተሸክሞት ተመለሰ።

በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበ። ማን ገባ? አንዷለም የለም። ታከለ ቡሬ ነው። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በእሱ እጅና... በያምሮት እጅ።

ያምሮት!

እናንተዬ፣ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ የት ይቆማል? ልጆቹን ወልዳ ያሳደገችለት ሴት፣ በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው ሆና ታየችው። የአክስቷ ልጅ ቡሬ አይደለችም እንዴ የምትኖር? ለአንዷለም ያለቀሰችው ለምንድን ነው? "እትዬ ያምሮትን ሰላም ይበሉልኝ" ማለት ምን ማለት ነበር? ሰሞኑን አርማቸር በተነሣ ቁጥር ዓይኗን የምትሰብረውስ? አንዱን በአንዱ ላይ ሲከምር ዋለ። ያቺን ሌሊት ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ ጠዋት ያቀረበችለትን ቁርስ እንኳ በስጋት ነው የቀመሰው።

አርማቸሩን ሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ እንደገና ጠቅልሎ አልጋ ሥር አስገባውና፣ "ደንበጫ ደርሼ እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ወጣና በጓሮ ዞሮ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ቆመ። መስኮቱ ትንሽ ክፍተት አለው። ዓይኑን አስጠጋ።

ያምሮት ብዙም አልቆየች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ገባች። ተንበርክካ አርማቸሩን አወጣች፣ ላስቲኩን ፈታች፣ አማተበች። ከአልጋው ራስጌ ሃይላንዱን አንሥታ ጠበሉን አፈሰሰችበት። መርጨትም አይደለም፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው እያዞረች፣ በሽቦው መሐል እንዲገባ በመዳፏ እያሸች ነው ያፈሰሰችበት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አለበል ጆሮውን አስጠጋ።

"ገብረ ሥላሴን አደራህን" ትላለች፤ የባሏ የክርስትና ስሙ ነው። "እጁን የያዘውን ፍታለት። ሰው ማመን አቅቶት መነመነብኝ። ወንድም የሚያህል ሰው እንኳ አጣ። ይሄ ብረት ቢሠራለት ያርፍ ይሆናል። በእኔ ኃጢአት እንደሆነም ይቅር በለን።"

ከዚያ ጠበሉ እንዳይደርቅበት ላስቲኩን አጥብቃ አሰረችው።

አለበል መጀመሪያ ንዴት ነበር የመጣበት። ሊጮህ አየር ሳበ። ከዚያ በግድግዳው ተንሸራቶ እጓሮው አፈር ላይ ቁጭ አለ። "እጄ ተይዟል" ያላት ማን ነው? አርማቸሩን ሱቁን አላምንም ብሎ ከአልጋዋ ሥር ያመጣላት ማን ነው? ቫርኒሹ በምድጃ ሳይደርቅ በላስቲክ ያፈነውስ? የመጀመሪያውን መንደሩ አቃጠለ፣ ሁለተኛውን ዝናብ፤ የቀረውን ሁሉ እሱ ራሱ በአፉ ጠርቶ ያመጣው ነው። በተጠራጠረ ቁጥር ጠበሉ ጨመረ፣ በተቃጠለ ቁጥር ጥርጣሬው ጨመረ። ኋላም አንዷለም ትዝ አለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እርጥቡን አርማቸር በጋቢው እየጠረገ፣ ትንሽ ፀሐይ ቢያገኝ ብዬ ነው ሲለው።

ወዲያው ቡሬ ሚኒባስ ተሳፈረ።

የታከለ ሱቅ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንዷለም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ዙሩን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይጠቀልላል። መንገደኛ ቢሰማው ግድ የለውም። ታከለ አለበልን ሲያይ ብድግ አለ፣ ወንበር ጠርጎ ሰጠው፣ ከዚያ ነገሩ ገብቶት ነው መሰለኝ "ሻይ ልዘዝላችሁ" ብሎ ወጣ።

"ታውቅ ነበር?" አለ አለበል።

አንዷለም ሽቦውን አስቀመጠ። "ከመጀመሪያው አውቅ ነበር፣ ጋሼ። ላስቲኩ ሲከብደኝ ፈትቼ አየሁት፤ እትዬ ጠበል እንደሚያመላልሱ ደግሞ አውቃለሁ።"

"ለእሷ አትነግራትም ነበር?"

"አንድ ቀን ልነግራቸው ሄጄ ነበር። ምን ብዬ? ጠበል አቃጠለው ብዬ? ዲያቆን የነበርኩ ሰውዬ ይሄን እንዴት ከአፌ ላውጣው? ጠበሉ ደግሞ ምን አጠፋ፤ እሱ ለመዳብ አልፈለቀም። ዝም ብዬ ባደርቀው ይቀላል አልኩ።"

"እሺ፣ ለእኔስ? ያን ቀን እንደ ሌባ ስጮህብህ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?"

አንዷለም እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ብነግርዎ እሳቸውን ይጠረጥሩ ነበር" አለ።

አለበል "በጭራሽ!" ሊል አፉን ከፈተ። የትናንቱ መንገድ፣ የአክስቷ ልጅ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ያደረበት ሌሊት፣ በስጋት የቀመሰው ቁርስ ፊቱ ተደቀነ። አንገቱን ደፋ።

"እኔ የሄድኩ እንደሆነ ሥራ ነው የማጣ" አለ አንዷለም ቀስ ብሎ። "ሥራ ደግሞ ይኸው ተገኘ።"

"ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር።"

"ተመለስ እንግዲያ። ቁልፉ ይኸውልህ።"

አንዷለም ቁልፉን አየውና ፈገግ አለ። "አሁንስ አይሆንም ጋሼ። እዚህ ስቆጥር ጮክ ብዬ ነው የምቆጥር፤ ለመድኩት። ግን ለፋሲካ ክርስትና ልጅዎን ይዤ እመጣለሁ። እትዬ ያምሮት ዶሮ ይሥሩልን።"

አለበል እንባውን በመሐረብ እያበሰ ከሱቁ ወጣ። የታከለን ሻይ ሳይጠጣ መሄዱ ትዝ ያለው ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሲደርስ ነው፤ ደግሞ አፈረ።

ቤቱ ሲደርስ ያምሮት በርበሬ እየለቀመች ነበር። በቀጥታ መኝታ ቤት ገባና አርማቸሩን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። ላስቲኩን ፈታ። ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያምሮት ፊቷ አመድ መሰለ።

"ጠበል ተርፎሻል?" አላት።

"ትንሽ... ትንሽ አለ።"

"አምጪው።"

ሃይላንዱን ይዛ መጣች። አለበል ሁለት መዳፉን አንድ ላይ አድርጎ ዘረጋላት። "የታመመው መዳቡ አይደለም" አለ። "እዚህ ላይ አፍሺው።"

ማፍሰስ ጀመረች። ውኃው በጣቶቹ መሐል ሲወርድ ድንገት ቆመች። ቀስ ብላ አርማቸሩን አየች፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውኃ አየች፣ እሱን አየችው።

"አለቤ... እኔ ነኝ እንዴ ያቃጠልኳቸው?"

"እኔ ነኝ" አላት። "አንቺ አፍሺ።"

ማልቀስም ማፍሰስም ጀመረች። ሲበቃ እጁን በፊቱ ላይ አበሰ። ከዚያ አርማቸሩን አንሥቶ ሱቁ ደጃፍ ወሰደውና፣ ያለ ላስቲክ፣ ያለ ጨርቅ፣ የቡሬ መንገደኛ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ራሱ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ቀጠለ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ማንም አልነካውም።